በር አንቱ አያውቅም

በያጁን የሰፈሩ ሰው «ብልጭታ» ይለዋል። የብረት በርና መስኮት ሲበይድ ውሎ፣ እጅጌው በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቶ ማታ ይገባል። ቁጣውም እንደ ስሙ ነው፤ ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል።

አንድ ነገር ብቻ ሆዱን ይበላው ነበር። በአያቷ እጅ ያደገችው ልጁ እሱ ዘንድ ከመጣች መንፈቅ አልፏት፣ ዛሬም «እርስዎ» ትለዋለች። «ውሃ ላምጣልዎ? መብራቱን ላጥፋልዎ?» ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወለድክ!» ይለዋል። ጨዋነቱ ገደል ይግባ! ልጅ አባቷን እንደ ባለሥልጣን ስታናግር ምን ደስ ይላል? አንድ ቀን ቆጣ ብሎ «አንተ በይኝ እንጂ!» ቢላት፣ «እሺ፣ እልዎታለሁ» አለችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ቲያትር የሚማሩበት አዳራሽ ያስመዘገበቻት እህቱ ናት።

«ሂሳብ ብታጠና አይሻላትም?» አለ በያጁ።

«ሂሳቡንማ ታውቀዋለች። ያቃታት መናገር ነው» አለችው እህቱ።

ልጅቱ የደረሳት ሚና በር ነበር። ከበያጁ ጋር የሚሠራው ቀለም ቀቢ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፍርስ አለ። «በር ሠሪ በር ወለደ! ቀለሙ በእኔ ነው!»

በሩ ግን የሚናገር በር ነው። ያንኳኳውን ሁሉ «አንተ ማነህ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይከፈትም። በመጀመሪያው ልምምድ ልጅቱ ንጉሥ ሆኖ የመጣውን እኩያዋን «እርስዎ ማን ነዎት?» ስትለው ልጆቹ አውካኩ። መምህሯ አልሳቀችባትም።

«የኔ ቆንጆ፣ በር አንቱ አያውቅም። ንጉሥም ይምጣ ሌባ፣ ለሁሉም ያው ነው። በይ ቤትሽ ከአባትሽ ጋር ተለማመጂ።»

ከዚያ ወዲህ በያጁ ከራት በኋላ ጠረጴዛ ማንኳኳት ሥራው ሆነ።

«አንተ ማነህ?» ትለዋለች፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ እየዋለ እያደረ ግን ደረቷን ነፍታ።

«ሌባ ነኝ።»

«ሌባ አንኳኩቶ ይገባል እንዴ? ሂድ ከዚህ!»

ይህ ድርሰቱ ውስጥ የለም፤ ከራሷ ያመጣችው ነው። በያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልምምዱ ሲያበቃ ግን «ደህና ይደሩ» ብላው ተኛች። እሱም መብራቱን አጠፋ።

የትርኢቱ ዕለት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሩ ጮኸ፣ ተቆጣ፣ ንጉሡን ሳይቀር ደጅ አስጠናው፤ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ልጅቱ የካርቶን በሯን እንደለበሰች ከመድረክ ዘላ ወርዳ፣ ሰው እየገፋች መጣች።

«አባዬ! አየኸኝ? ንጉሡን ደጅ ሳስጠናው አየኸኝ?»

ምን እንዳለች እሷ ልብ አላለችውም። እሱ ግን በደስታ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምነው አባዬ? አመመህ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። እስኪ ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«የፈለግሽውን። ብቻ እያወራሽኝ እንሂድ።»