ሚስቴና የጠፋው ገዳይ

ሚስቴ ቶርዲስ ባለችበት ሰው ገድሎ ማምለጥ አይቻልም። ዕድሜዋን ሙሉ በከተማችን ወተት ማቀነባበሪያ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ የፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ እንኳ ረግጣ አታውቅም። የወንጀል ልብወለድ ስታነሣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ገና አርባኛው ገጽ አካባቢ ስትደርስ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርግና «አንተ ሃልቫር፣ የገደላት ዳኛው ነው» ትለኛለች። ከዚያ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ያወቅሁትን ነገር ለማንበብ ዕድሜዬን አልፈጅም ባይ ናት።

እኔ አናጢ ነበርኩ፤ ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ካለ ጽሑፍ በቀር ብዙም አላነብም። ስለዚህ አምናታለሁ። ልጆቻችንም ጎረቤቶቻችንም ያምኗታል። ፋሲካ ሲደርስ እንደ አገራችን ልማድ ሰው በሙሉ ሻንጣውን በብርቱካንና በነፍሰ ገዳይ ልብወለድ ሞልቶ ወደ ተራራ ሲወጣ፣ ሚስቴ ያን ሰሞን ከጳጳስ በላይ ትከበራለች። በወተት ካርቶን ላይ የሚታተመውን የፋሲካ የወንጀል እንቆቅልሽ እንኳ ወተቱ ብርጭቆ ውስጥ ሳይገባ ትፈታዋለች። እኔ ገንፎዬን ይዤ ወተት ስጠብቅ እሷ ካርቶኑን እያገላበጠች «አትክልተኛው ነው፤ ጓንቱን እየው» ትላለች። ገንፎው ይቀዘቅዛል።

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። በረዶ ከጣለ ጀምሮ የሚረታት መጽሐፍ አጣች። የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ማግንሂልድ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት፤ አዲስ የገባውን ሁሉ ከጠረጴዛዋ ሥር እየደበቀች ታቆይላታለች። ወደ ተራራ ከመውጣታችን በፊት አብሬያት ሄድኩ።

«ይቺን ውሰጂ» አለች ማግንሂልድ። «አንባቢው ሁሉ እንቅልፍ አጥቶባታል።»

ቶርዲስ እዚያው ቆማ ገለጠች፣ ገለጠች። «መንትያ አለው።»

«ማን?»

«ሟቹ። የሞተው መንትያው ነው።»

ማግንሂልድ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ እኮ ገና አላነበብኳትም። ምን በደልኩሽ?»

«አዲስ ነገር ስጪኛ።»

«ከዚህ ወዲያ አዲስ ነገር ካማረሽ ራስሽ ሰው ግደይ።»

ወደ ቤት በመኪና ተመለስን። ቆይታ «ሃልቫር፣ ልቤ አይመታም» አለችኝ። ደንግጬ መኪናውን ወደ ዳር አወጣሁና ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ስላት እጇን አወናጨፈች።

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል። ድሮ ልጅ ሆኜ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ጨው የሌለው ሾርባ እየጠጣሁ ነው። በዚህ ፋሲካ የሚሸውደኝ ካላገኘሁ ማንበቡን ትቼ ሹራብ እሠራለሁ።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሚስቴን እወዳታለሁና አዘንኩ። ፈራሁም፤ አንድ ጊዜ የሠራችልኝን ሹራብ የለበስኩ ዕለት የገዛ ውሻችን ጮኸብኝ።

ጎጆአችን ሐይቅ ዳር ናት። መብራት የላትም፤ ውሃ የሚቀዳው የሐይቁን በረዶ በስቶ ነው፤ ስልክ ካሰኘህ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ትወጣለህ። ቶርዲስ ይዛ የመጣቻቸውን መጻሕፍት ሐሙስ ሳይመሽ ዘግታ ጨረሰች። የስቅለት ዕለት ጠዋት ሥራ ፈትታ የማገዶ ሣጥኑን ስታስተካክል ከታች አንድ መጽሐፍ አገኘች። ሽፋን የለውም። አይጦች ርዕሱንም፣ የጸሐፊውን ስምም፣ መጀመሪያውንም እስከ ስልሳኛው ገጽ ድረስ በልተውታል። እሷ ደግሞ ሌላ የሚነበብ ስላልነበራት ከመካከል ጀመረችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ምሳ ቀረ። ግማሹን የላጠችው ብርቱካን ጉልበቷ ላይ ደረቀ። ሽንት ቤት ድረስ በበረዶው ውስጥ እያነበበች ሄደች፣ እያነበበች ተመለሰች። እኔ ትንፍሽ ሳልል «ሃልቫር፣ ዝም በል» ትለኛለች። አንድ ጊዜ አግዳሚውን በጡጫ መታችና እንደ ሙሽራ ፊቷ በርቶ ቀና አለች።

«ፋርማሲስቱን የዓሣ በርሜል ውስጥ ከተተው» አለች።

«ማን?»

«አላውቅም። ሃልቫር፣ አላውቅም እኮ።»

ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። ደስታዋ ተጋባብኝና እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ ሳቅሁ። ከዚያ ገጽ ገለጠች፣ ሌላ ገጽ ገለጠች፣ ቀጥሎ ግን የመጽሐፉ ባዶ ጀርባ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። ይህን ያደረገው አይጥ አልነበረም፤ ገጾቹ በሰው እጅ ከሥራቸው ተገንጥለዋል።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቷ እንድቀመጥ አዘዘችኝ።

«ስንደርስ ምድጃውን ማን አቀጣጠለው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በዛፍ ቅርፊት።»

«ቅርፊቱ እርጥብ ነው ብለህ ስትራገም ሰምቼሃለሁ።»

«ተራገምኩ፣ ተራገምኩ፣ ተያያዘ።»

«እርግማን እሳት አያያይዝም። ወረቀት ነው የሚያያይዘው። ዝምተኛ፣ መጽሐፍ የማይወድ፣ እጁ መቁረጥ የለመደ። ሃልቫር፣ አንተ ነህ።»

«አርባኛው ገጽ ላይ ደረስሽ ማለት ነው?» አልኳት።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ እስከ ሰኞ ውሃ የምቀዳው እኔ ብቻ ሆንኩ፣ ይግባኝም የለውም። እኔን ያበሳጨኝ ውሃው ሳይሆን ባልሠራሁት መከሰሴ ነው። እሷ ግን ከፈረደችብኝ በኋላ እንኳ አልቀለላትም፤ መጽሐፉን አቅፋ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከሐይቁ ማዶ ጭስ ይታያል።

«መጽሐፉ ኢንግቫልድ ዘንድ ይኖር ይሆናል» አልኩ።

ፊቷ ጠቆረ። ኢንግቫልድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ የነበረ የተራራ ጎረቤታችን ነው፤ ጎጆው በወንጀል ልብወለድ የተሞላ ነው። በየፋሲካው ከእኛ ዘንድ ቡናማውን የፍየል አይብ ሳይበላ አይውልም ነበር። ስምንት ዓመት ሆነው፣ አኩርፎ ቀረ። ምክንያቱን ስጠይቃት ቶርዲስ «ባሕርዩ ነው» ትለኛለች። እሷም እልኸኛ ናትና እግሯን ወደዚያ አላነሣችም።

ቆመች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ቆመች። በመጨረሻ «ለዚህ መጨረሻ ስል ለሰይጣንም ሰላም እላለሁ» አለችና የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዋን እግሯ ላይ አሰረች።

ኢንግቫልድ ፀሐይ ያገኘውን የጎጆውን ግድግዳ ተደግፎ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ከፍቶ ብርቱካን ይልጣል። ሲያየን አልተነሣም።

«መንገድ ጠፋሽ ቶርዲስ?»

«አልጠፋኝም።»

«ስምንት ፋሲካ ሙሉ ጠፍቶሽ ነበር ብዬ ነው።»

«ያኮረፍከው አንተ ነህ።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ኩራቷን ስትውጥ አየኋት። «መጽሐፍ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለች። «ርዕሱን አይጥ በልቶታል። ነገሩ ደሴት ላይ ነው። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ትሞታለች፣ ከዚያ ቀባሪው ይሞታል፣ ከዚያ ፋርማሲስቱ በርሜል ውስጥ...»

ኢንግቫልድ ብርቱካኑን አስቀመጠ። «ማን ሞተ?»

«ፋርማሲስቱ።»

«እስኪ ድገሚልኝ።»

«ፋርማሲስቱ ሞተ እልሃለሁ። ጆሮህ ደከመ እንዴ?»

«እንግዲያው ገዳዩ ፋርማሲስቱ አይደለማ።»

«እንዴት ይሆናል? በርሜል ውስጥ ሆኖ ማንን ይገድላል?»

ሰውዬው ድምፅ ሳያሰማ መሳቅ ጀመረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ የያዘው ነገር እንዳለ ገባኝ። «ሃልቫር፣ ሰምተሃል፤ ምስክሬ ነህ» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «የዛሬ ስምንት ዓመት በዚሁ በስቅለት መጽሐፌን ገና ሳልጨርሰው ተዋስሽኝ። በማግስቱ ልወስደው ስመጣ ምድጃው ፊት ተንበርክከሻል። ‹አትድከም ኢንግቫልድ፣ ፋርማሲስቱ ነው› አልሽኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እየቀደድሽ እሳት ታያይዢበት ነበር።»

ቶርዲስ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለሚስቴ ነበር። ዝም ብዬ ማለፍ ይገባኝ ነበር፤ ግን ሰው ነኝ።

«ቶርዲስ» አልኳት፣ «ምድጃውን ማን አቀጣጠለው?»

አየችኝ። ኢንግቫልድን አየችው። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ ስኪዎቿ ተጠላልፈው በረዶው ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች።

«ለምን አልነገርከኝም አንተ?» አለችው ከመሬት ሆና።

«ሌላ ገዝቼ ሳነብ ፋርማሲስቱ በርሜል ውስጥ ገባ። ሐይቁን ተሻግሬ ልነግርሽ ተነሣሁ። ኋላ ግን ብነግራት መጨረሻውን ማበላሸት ይሆንብኛል፣ ራሷ ትድረስበት አልኩ።»

«ስምንት ዓመት?»

«ሁለቱን ዓመት እንኳ ተናድጄ ነው።»

«ይቅር በለኝ። ተሸውጃለሁ» አለችው።

«የመጨረሻውን ቃል ድገሚልኝ።»

«ተሸውጃለሁ አልኩህ፤ አሁን መጽሐፉን አምጣ።»

ሦስታችን ግድግዳው ሥር ተደርድረን ተቀመጥን። ኢንግቫልድ ላንብብልሽ ቢላት እምቢ አለችው። ከመጀመሯ በፊት «የሐኪሙ ሚስት ናት» አለች፤ ኢንግቫልድ ሰማዩን ተመለከተ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የገዳዩ ስም ላይ ስትደርስ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በእኛ አገር ሰው የሚኳረፈው በዚህ ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ካልኳችሁ ይበቃል።

ስንመለስ ኢንግቫልድ ለአይቡ ተከተለን። ቶርዲስ በሳቅ ብዛት ደጋግማ ወደቀች። ሐይቁ መካከል ስትደርስ ግን ድንገት ቆመች።

«ሃልቫር።»

«አቤት።»

«የቀሩትስ?»

«የትኞቹ?»

«የዘጋኋቸው። ዳኛው፣ አትክልተኛው፣ መንትያው። ልክ መሆኔን ማን አይቶልኛል?»

አሰብኩ። ማንም አላየላትም። እሷ ጨርሳ አላነበበችም፣ እኔ አላነብም፣ ሌላው ሰው ደግሞ ስሙን ከሷ ከሰማ በኋላ መጽሐፉን ይተወዋል። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ። ታለቅሳለች ብዬ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን የስኪ በትሯን በረዶው ላይ ተክላ ተፈተለከች። እኔና ኢንግቫልድ አልደረስንባትም።

ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት ደጁ ላይ ነበርን።

«አዲስ የገባ የለም» አለች ማግንሂልድ ቁልፉን እያዞረች።

«አዲስ አልፈልግም። እዚህ ቤት ያነበብኳቸውን የወንጀል መጻሕፍት ሁሉ አምጪልኝ።»

«አንብበሻቸው የለም እንዴ?»

ቶርዲስ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስከ አርባኛው ገጽ።»

ማግንሂልድ ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች። «መንትያ ያለውንም?»

«እሱንም።»

ማግንሂልድ ያቺን መጽሐፍ በፋሲካ አንብባት ኖሯል። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ልክ እንደ ኢንግቫልድ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቶርዲስ ያንን አየች። መጽሐፏን ለመቀበል የዘረጋችው እጅም አብሮ ተንቀጠቀጠ።