በቀለም የታፈነው ክላክስ

ዲላዋር ቁልፉን ሲያዞር የሞተር ሳይክሉ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ፈዘዝ ብላ በራች። ክላክሱን ሲጫን ግን እሷም ድርግም አለች፤ ክላክሱም ትንፍሽ አላለም። አውራ ጣቱን አነሳ፤ መብራቷ ተመለሰች። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ ጠፋች።

"እየቀለድሽብኝ ነው?" አላት።

ዲላዋር ራዋልፒንዲ በተባለች ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያስጌጥ የኖረ ቀለም ቀቢ ነው። በዚያ ሰፈር ያልተቀባ መኪና ማለት ራቁቱን ገበያ የወጣ ሰው ማለት ነው። ከጎማው ብሎን እስከ ነዳጁ ክዳን ጣዎስ፣ ቆቅ ወይም ጽጌረዳ ሳይሳልበት መንገድ አይወጣም። ሥራውን ካቆመ በኋላ የወጣትነት ሞተሩን ከግቢው ጥግ ጎትቶ አወጣ። አይጥ የጨረሰውን ሽቦ መዝዞ ጣለ፤ ብረቱን አጥቦ ደራርቦ ቀባው፤ ቀለሙ ሲደርቅ በገዛ እጁ አዲስ ሽቦ ዘረጋ።

ይህን ሁሉ ያደረገው ለሚስቱ ለሸሚም ነው። ዓይኗ እየደከመ ሄዷል፤ ሐኪሞቹም ከዚህ በላይ አይመለስም ብለዋታል። አንድ ምሽት ሮቲ የሚሉትን ስስ ቂጣ እየጋገረች፣ "ድሮ ከሥራ ስትመጣ መታጠፊያው ላይ ሁለቴ ክላክስ ታደርግ ነበር፤ እኔም ሊጡን ምጣዱ ላይ ጣል አደርግ ነበር። አሁን የሚገባው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥላ ሆነብኝ" አለችው። ዲላዋር ያን ድምፅ ሊመልስላት ቆረጠ። ያን ጊዜ አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። እሷ ከኋላው በጎን ተቀምጣ፣ የሻርፗን ጫፍ ከጎማው እየሰበሰበች፣ እስከ ሐሰን አብዳል ከተማ ድረስ ይጓዙ ነበር።

ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብሎ አስሞላው። ያው ነው። ፊውዙን ለወጠ። ያው ነው። ቆርቆሮ እየቀረጸ ለመኪና ጌጥ የሚሠራው ጓደኛው ጉልባዝ ሻዩን ይዞ መጣና አጥሩን ተደገፈ።

"ኡስታድ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ሞተርህን እንደ ሙሽራ አስጊጠህ ዳርካት፣ እሷ ግን አላናግርህም አለች?"

"ሻይህን ጠጣ።"

"አንተ ስትቀባኝ ብትውል እኔም አልናገርም።"

ዲላዋር ወደ ሥራው ዞረ። ከጭነት መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች አጠገብ ኖሮ አንድ ነገር ተምሯል፦ መገመት ሲያቅት ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ መንገዱን በሙሉ መከተል። አንዲት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ አሰረ። ጫፎቹን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አስነካ፤ አምፖሏ ቦግ አለች። ባትሪው ጤነኛ ነው። አንዱን ጫፍ ወደ ክላክሱ በሚገባው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው መመለሻ ራስ ላይ አደረገ። አሁንም ቦግ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጥቶ ክላክሱ ደጃፍ ድረስ በደህና ደርሷል ማለት ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

መመለሱ ነዋ። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ዞሮ ወደ ባትሪው መግባት አለበት። ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ መብራት የመመለሻ ሽቦ አይዘረጋም። የብረት አጽሙ ራሱ ለሁሉም የጋራ መመለሻ ነው። ዲላዋር ይህን ሊፈትሽ የአምፖሏን ሁለተኛ ጫፍ ይዞ የሚያስነካበት ባዶ ብረት ፈለገ። መሪው ሥር ጽጌረዳ። ከኮርቻው በታች ቅጠል። ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሆድ አየ፤ እዚያም ማንም የማያያት ትንሽ ቆቅ ተቀምጣለች።

ሽቦውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለና ሳቀ።

"ምን አገኘህ?" አለ ጉልባዝ።

"ምንም። ሁሉንም ቀብቼዋለሁ። የሚነካ ብረት የለም።"

ከባትሪው የሚመጣውን መመለሻ ሽቦ በብሎን ያሰረው አጽሙ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነበር። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የብሎኑ ጥርስ በጭንቅ ብረት የነካበት ቦታ ብቻ ትንሽ ያሳልፋል። የራጃ ባዛር ገበያ ጠባብ መተላለፊያ አንድ ሰው ያሳልፋል፤ ሙሽራ ያጀበ ሰልፍ ሲመጣ ግን ሁሉም ቆሞ ይቀራል። ትንሿ መብራት ያ አንድ ሰው ነበረች፤ ክላክሱ ሰልፉ።

ብሎኑ የታሰረው የጣዎሱ ደረት ላይ ነው። ዲላዋር ከሥራው ሁሉ የወደደው ያንን ጣዎስ ነበር፤ ሰማያዊውን ለማግኘት ስንት ቀን ሲበጠብጥ ከርሟል። የብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ጣዎሱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ተወው እንግዲህ፣ ጣዎሱ ይቆይና ዝም ትበል" አለ ጉልባዝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሸሚም ጣዎሱን አታየውም" አለ ዲላዋርና መፈግፈግ ጀመረ።

ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ መመለሻ ሽቦውን አጥብቆ አሰረ። የክላክሱን ማሰሪያም እንዲሁ ፈገፈገ። ቁልፉን አዞረ፤ አረንጓዴዋ መብራት ደመቀች። ተጫነ፤ ክላክሱ ጮኸ። ማስነሻውን ሲረግጥ ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ፤ ጉልባዝም ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋ።

ሸሚም ግድግዳውን እየዳሰሰች በር ላይ መጣች፤ ባሏን የምትጠራው በልጃቸው ስም ነው።

"የአኒላ አባት፣ ማነው የመጣው?"

"እኔ ነኛ።"

"ይሄ ያንተ አይደለም። የወተት ሻጩን ነው የሚመስለው።"

ክላክሱ ከጀርባው ድምፁን የሚያስተካክል ትንሽ ብሎን አለው፤ ከዘመን ብዛት ዝጓል። ዲላዋር ዘይት ጠብ አደረገበትና ካቻቢቴውን አመጣ። አሁን በየማታው ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ብሎኗን በጥቂቱ ያዞራል፤ ሁለቴ ይጫናል፤ ጆሮውን ወደ ማዕድ ቤቱ ያዘነብላል።

"ፍየል ነው" ትላለች ሸሚም ከውስጥ።

ትንሽ መልሶ ያዞራል፤ ሁለቴ ይጫናል።

"ቀርቧል። ትንሽ ወፈር አድርገው" ትላለች፤ በእጇ ያለውን ሊጥ ግን ገና ምጣዱ ላይ አልጣለችም።