የስኳር ሕፃን

ትናንት ልጄ ቁም ሳጥን ስትጎረጉር ትልቁን የብርጭቆ ስሪንጅ አገኘችው። «ይሄ ደግሞ የፈረስ መርፌ ነው?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ዕቃ ምን ይሸታል ትለኝ ይሆናል። እኔን ስኳርና ቫኒላ ይሸተኛል።

ስሪንጁ የአክስቴ ነበር። አክስቴ አሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበረች። እናቴ በአምስት ዓመቴ «ትማርልኝ» ብላ ለታላቅ እህቷ ሰጠችኝ፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከቦኬና ከበደሳ በቃሬዛ የሚመጡት ወላዶች «አዮ» ይሏታል፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አንድ ጣሪያ ስር እያደርኩ «አክስቴ» የምላት እኔ ነኝ እንግዲህ። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ለምን እንደሌላት ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ልደቷን ላክብርላት ብዬ ተነሳሁ። የስንቱን ልጅ የልደት ቀን ስትመዘግብ የኖረች ሴት የራሷን አክብራ አታውቅም። ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት መወለዷን እንጂ ዓመቱን እንኳ በውል አታውቀውም ነበር። ኬኩ በነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን እንዲመስል ወሰንኩ። አዋላጅ አይደለች? ሌላ ምን ልሥራላት! በሐሳቤ በጣም ኮርቼ ነበር።

ኬክ መጋገር የምታውቀው ጎረቤታችን ናት፣ የባለሱቁ ሚስት። ልጅ ሆና ድሬዳዋ ግሪኮች ቤት ስትሠራ ተምራዋለች። ስኳር በቀበሌ ኮታ ነበርና ሁለት ወር ሻዬን ያለ ስኳር እየጠጣሁ አጠራቀምኩ። የበዓሉ ዕለት አክስቴ «ምጥ በዓል አያውቅም» ብላ ሥራ ስትሄድ ሊጡን ድስት ውስጥ ጨምረን ከሥሩም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረግንበት። ቫኒላው ግቢውን ሞላው። እኔ ስኳሩን ሙቀጫ ውስጥ አድቅቄ ከእንቁላል ነጭ ጋር ክንዴ እስኪዝል መታሁ። ማስጌጫ ከየት ይምጣ? ከአክስቴ ሣጥን ይህንኑ ስሪንጅ አወጣሁና እሷ እንደምታደርገው ቀቀልኩት። ያለ መርፌው ነጩን ክሬም እየገፋሁ የነጠላውን ጥለት መስመር በመስመር ሳብኩ። የሕፃኗን ጉንጭ በቀይ ሥር ውኃ አቀላሁት። የተኙ ዓይኖቿን በክብሪት እንጨት፣ በተቃጠለ ስኳር ሣልኩ። በመስኮት የገባው የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍባት የምትተነፍስ ነው የመሰለኝ።

ጎረቤታችን ወደኋላ ፈቀቅ ብላ አየቻትና «ማሻ አላህ» አለች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ፣ ለሷ ልጅ ሠራሽላት?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጅ ለሌላት ሴት፣ ያውም በልደቷ፣ በጎረቤት ሁሉ ፊት! ቢላ አንስቼ ልፍቃት ስል እጄን ያዘችኝ፤ ሌላ የምንሠራበት ስኳር አልነበረም። የተጠሩት ጎረቤቶች ገብተው ሳይቀመጡ የአክስቴ ጫማ ደጃፉ ላይ ተሰማ።

ገባች። አየቻት። አክስቴ ተመልሳ ወደ ጓሮ ወጣች። ልታለቅስ ነው ብዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ከዚያ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። እጅጌዋን ሰብስባ፣ እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ መጣች፣ ልክ ለሥራ እንደምትታጠበው። ትሪውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መዘነችው።

«ሦስት ኪሎ ተኩል» አለች። «ደህና ናት።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ይቅርታ፣ አላሰብኩም፣ እያልኩ ስንተባተብ ትሪውን አስቀምጣ አገጬን ቀና አደረገችው።

«ልጅ የላትም ብለሽ ነው የፈራሽው? ታዲያ አንቺ የማን ነሽ?»

አልመለስኩላትም። ከዚያም በኋላ «አክስቴ» እንዳልኳት ዓመታት አለፉ።

ጎረቤታችን በልጅ ላይ ወላሂ ቢላ አላነሳም ብላ እምቢ አለች። አክስቴ ራሷ ከሕፃኗ እግር በኩል ጀምራ ነጠላውን እየቆረጠች ለሁሉም አዳረሰች። ፊቷን የደፈረ አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ጉንዳን በላት። ስሪንጁንም «ጣፍጧል፣ ከእንግዲህ ሰው አይወጋበትም» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ዛሬ እንጀራዬ ኬክ ማስጌጥ ነው፤ ስንት ዓይነት ማስጌጫ ገዝቻለሁ፣ መጀመሪያ እጄን የፈታው ግን እሱ ነው። ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ስሳሳት እንኳ ሰው ፊት ያላሳፈረችኝ ሴት ናት። ተመስገን እላለሁ፣ እሷ እጅ ላይ ስለወደቅኩ።

በመጨረሻ ታማ አዳማ ሐኪም ቤት ስትተኛ ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ። አንዲት ወጣት ነርስ ቅጽ ይዛ መጣችና የታካሚዋ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«ልጇ ነኝ» አልኳት።

የተኛች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«ቆየሽ እኮ» አለችኝ።