የፈረስ ስም ያልነበረው ፈረሰኛ

ጄኔቭ ያለን ኢትዮጵያውያን ጡረተኞች በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ፓኪ ሰፈር በሚገኝ አንድ ካፌ እንሰበሰባለን። ልማዳችን ባለተራው የአንድ ባዕድ ሰው ሕይወት አጥንቶ እንዲያቀርብ፣ ሌሎቻችን ደግሞ እንድንተቸው ነው። ተራው ሲደርሰኝ በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የኖረ አንድ አሜሪካዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን መረጥሁ፤ ታሪኩን ከአንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ሰውየው በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ፣ ያለ አማላጅ፣ ደረጃ በደረጃ ኮሎኔል ሆኗል። እንዲህ ያለ የሥራ ታሪክ ደስ ይለኛል፤ የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የእርስ በርስ ጦርነቱን፣ በምዕራቡ ሜዳ ያሳለፋቸውን ክረምቶች፣ ነባር ነዋሪዎቹን ከመሬታቸው በማስለቀቅ የነበረውንም ድርሻ ሳልሸፋፍን ተናገርሁ። ስጨርስ፣ በወጣትነቱ የቤተ መንግሥት ፈረሰኛ የነበረው፣ ላንሲ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ እጁን አወጣ።

«ሁሉም ደግ ነው። የፈረስ ስሙ ማን ነው?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«አባ እገሌ ሳይባል ነው ኮሎኔል የሆነው? እንግዲያው በበቅሎ ሲሄድ ኖሯል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁስ ባልከፋ፤ ነገር ግን የዙሪክ ወገኖቻችን ያንኑ ንግግር በሳምንቱ እንዳቀርብላቸው ጋብዘውኝ ነበር። እነርሱም ይህንኑ መጠየቃቸው አይቀርም፤ በማያውቁኝ ሰዎች ፊት ባለታሪኬ መሳቂያ እንዲሆን አልፈለግሁም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ አነበብሁ። ተመትተው የወደቁበት ፈረሶች ተጠቅሰዋል፤ ስማቸው ግን የለም።

ወደ ዙሪክ ስሄድ ጓደኛዬ እዚያው አጠገብ አድሊስቪል የምትኖር ልጁን ሊጠይቅ አብሮኝ ተሳፈረ።

«አባ ነጎድጓድ በለውና ተገላገል» አለኝ ባቡሩ ሎዛንን ሲያልፍ። «ማን አሜሪካ ድረስ ሄዶ ያጣራብሃል?»

«ሐሰት መሆኑን እኔ አውቃለሁ።»

«አይ አንተ፤ ጡረታ ወጣሁ ትላለህ እንጂ ዛሬም ቢሮ ነህ።»

በሥራ ዘመኔ ባላጣራሁት ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም፤ ባቡር ውስጥ የምጀምርበት ምክንያት አልታየኝም።

ዙሪክ ላይ ጥያቄውን ሳልጠብቅ፣ «የፈረስ ስሙ አይታወቅም» ብዬ ንግግሬን ከፈትሁ። አዳራሹ አጉረመረመ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አጣጥፈው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። እኔም ወደ ውጊያው ገባሁ፤ መኮንኑ ፈረሱ ሲመታበት በሞተ ባልደረባው ፈረስ ላይ መውጣቱን፣ ያም ሲወድቅ በሦስተኛ ላይ ሆኖ እስኪመሽ መጋለቡን ተረክሁ። አዛውንቱ ዐይናቸውን ከጣሪያው አወረዱ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ከኋላ ተነሣ።

«በፈረስ ጉዳይ እዚህ ካላችሁት ይልቅ ሥልጣኑ የእኔ ነው። ፈረሱ ሲወድቅ ሌላ ላይ ወጥቶ የሚቀጥል ሰው፣ አባ ቀጥል ነው!»

አዛውንቱ ቀድመው አጨበጨቡ። ጭብጨባው እስኪበርድ ድረስ በማስታወሻዬ ኅዳግ ላይ «ስሙ በዙሪክ ጉባኤ የተሰጠ፤ በመጽሐፉ የሌለ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያም ሞቅ ብሎኝ የጡረታ ዘመኑን ጭምር በዝርዝር አወራሁ። ጓደኛዬ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፓኪ ስገባ «አባ ቀጥል መጡ» ይሉኛል። ንግግሬ ስለሚረዝም እንጂ ስለ ጀግንነቴ እንዳልሆነ ጓደኛዬ ለሁሉም ያስረዳል። እኔ ግን ስጠራ አቤት እላለሁ።