ያልደረሰን መደብ

ከሰፈራችን ማዕዘን ላይ ብየዳ ቤት ከተከፈተ ወዲህ የጋለ ብረት ሽታ በመስኮቴ ይገባል፤ ጎረቤቶቼ ያማርራሉ፣ እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ይህ የደብረ ማርቆስ ዳርቻ የሣር ቤትና የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ በነበረበት ዘመን እንዲህ የሚሸተው የእኛ ግቢ ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። እናቴ ወናፉን እየነፋች፣ እሱ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ፣ ከአምበር ድረስ ገበሬ ይመጣልን ነበር፤ መጥቶም ደጅ ይቆማል እንጂ ገብቶ ውኃ አይቀምስም። ቡዳ ተብለናላ! እኔ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እናቴ ታዲያ ትስቅና፣ «ዓይናችን ይህን ያህል ቢበላማ መቼ ጦማችንን እናድር ነበር?» ትላለች።

ፋሲካ ሲደርስ ግን አትስቅም። ሰፈሩ ለቅርጫ በሬ ሲያርድ ቢላዋውን ሁሉ የሚስለው አባቴ ነበር፤ ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ዕጣ ሲወጣ ግን የእኛ ዕጣ የለም። አባቴ ከፍዬ ልግባ ብሎ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ ቅርጫውን የሚያስተባብሩት አያ ሞላም በየዓመቱ በፈገግታ፣ «ዘንድሮስ ሞልቷል፤ ለከርሞ ያድርሰን» ይሉታል። «አሜን» ብሎ ይመለሳል። ለበዓሉ ዶሮስ አጥተን አናውቅም፤ እናቴ የፈለገችው ከዚያ በሬ፣ ከሰው እኩል ተቆጥራ መቅመስ ነበር። ሳትቀምሰው ሞተች። አባቴም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት።

ከዚያ አያ ሞላ ሞቱ፤ ልጆቻቸው ቦታውን ሸጠው ባሕር ዳር ገቡ። ሌሎቹም እንዲሁ አንድ በአንድ ሄዱ። ዛሬ በየግቢው ፎቅ የሠሩት ከሉማሜም ከየትም የመጡ ናቸው፤ ዘሬን የሚያውቅም የሚጠይቅም የለም። እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን ያገለሉን ሲሄዱ አባቴን የሚያውቁትም አብረው ሄዱ፤ እነዚያው ሰዎች ነበሩና። አሁን ስሙን ባነሣ «አዎ፣ አስታውሰዋለሁ» የሚለኝ አንድ ሰው አላገኝም። እንዲህ ብቸኛ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት የፊት ለፊቱ ጎረቤቴ፣ ትሑት ጎልማሳ፣ ደጄን አንኳኳ።

«እማማ፣ ቅርጫ ልንገባ ነው። እርስዎንም እንቁጠርዎት?»

መቃኑን ይዤ፣ «ቁጠሩኝ» አልኩት።

«ለቤተሰቡ አንድ መደብ ይበቃችኋል?»

ዞር ብዬ ባዶውን ቤት አየሁ።

«ይበቃናል» አልኩት።