ከአዴ ፋጡማ የገዛነው ሐሺሽ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሜሮን ልታገባ ስለሆነ ቤታችን በሴት ተጥለቅልቆ ሰነበተ። ጓደኞቿ በሳህን ሂና በጥብጠው መዳፏ ላይ አበባ ይስላሉ፣ ይንጫጫሉ። እኔ ሽርጤን አገልድሜ በረንዳው ጥግ ተቀምጫለሁ። አንዷ ሳህኑን ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ እርስዎም ትንሽ ይቀቡ!» አለችኝ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።

«እኔ ድሮ ተቀብቻለሁ፤ ይበቃኛል» አልኳት።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ አይደለም፣ ወላሂ! ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ማለቴ አይግረማችሁ፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ወላሂ የማይል ካለ አምጡልኝ። በሉ ንገሩን ብለው ከበቡኝ፤ ነገርኳቸው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ መጥተው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እኔም በባቡር መጠገኛው ለማጅ ሆኜ ልቀጠር ስሜ ተጽፎ፣ የቀረኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ከፖሊስ ጣቢያ የሚሰጥ፣ ጥፋት የለበትም የሚል። አባቴ ወረቀቱ ሳይመጣ ሰማያዊ ቱታ ገዝተውልኝ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውጥተው ያዩትና መልሰው ያጥፉታል።

ተፈራ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የከዚራ ሰፈር ልጅ፣ የማያውቀው ወሬ የሌለ። አንድ ቀን፣ «ሐሺሽ ያጨሰ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ አኮርዲዮኑን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ ይሰማል» አለኝ። ቤታችን ራዲዮ እንኳ አልነበረንም፤ አኮርዲዮን ለብቻ መስማት ምን እንደሚረባኝ ዛሬም አይገባኝም። ግን የአስራ ስድስት ዓመት ጭንቅላት ነው፣ ምን ይደረግ! ቅመም ሻጮቹ ዘንድ አይጠፋም ብሎኝ ቀፊራ ገበያ ሄድን።

ሐምሌ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሳምቡሳው ዘይት፣ የቁንዶ በርበሬው፣ የበሰለው ዘይቱን ሽታ ተደባልቆ አፍንጫችንን ያውደዋል። ተፈራ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ፊት ቆመ። አዴ ፋጡማ ናቸው፤ «አዴ» ትልቅ ሴት የምናከብርበት መጠሪያ ነው፤ እኛ ሰፈር ድረስ በርበሬ የሚያስገዛ ስም ነበራቸው። ምንም ሳያፍር፣ «ሐሺሽ አለ?» አላቸው።

ሴትዮዋ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከመደቡ ሥር አረንጓዴ ዱቄት አውጥተው በሁለት ብጫቂ ወረቀት አደረጉልን። «አቦ፣ ኪስ እንዳይገባ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፖሊስ ኪስ ነው የሚፈትሽ። ወረቀቱን ጣሉት፣ ዱቄቱን በእጃችሁ ጭብጥ አድርጉት። ሽታው እንዳያጋልጣችሁ ደግሞ እጃችሁን በዚህ እሹት።» ግማሽ ግማሽ ሎሚ ሰጡን። መዳፋችንን በሎሚ አርሰን፣ ዱቄቱን ጨብጠን፣ ደግነታቸውን እያደነቅን ሄድን።

ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ስንሻገር ላቡ በክርናችን ይንጠባጠባል፤ እኛ ጭብጣችንን አልፈታንም። ማዶ ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ግዛው ዛፍ ሥር ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ቦክሰኛ ይመስል ሁለት እጁን ጨብጦ የሚሄድ ጎረምሳ ሲያዩ ምን ይበሉ?

«ኑ እስቲ! ምንድነው የያዛችሁት?»

ተፈራ ሆዬ፣ ያ ሁሉ ወሬ አዋቂ፣ ገና ሳይነካ፣ «ሐሺሽ ነው ጌታዬ፣ ማሩን!» ብሎ ለቀቀው። አፈር ብላ አልኩት በልቤ።

ጣቢያ ገባን። ሃምሳ አለቃ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። «ልጆች ነን ብላችሁ ነው? ልጅም ፍርድ ቤት ይቆማል። ስማችሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።» ወደኔ ዞሩ። «የአንተ ወረቀት እኮ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው!» ቱታው ታየኝ፤ አለቀስኩ። «ክፈቱ እጃችሁን!» ከፈትን። ከመዳፋችን አረንጓዴ ጭቃ ወደቀ፤ መዳፋችን ብርቱካን መስሏል።

ሃምሳ አለቃ ሚስታቸው የመጋላ፣ የገበያው ሰፈር ልጅ ናት፤ ሂና ከቤታቸው አይጠፋም። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እየደበደቡ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ሂና! ያውም ቀለሙ እንዳይለቅ በሎሚ! ሙሽሮች!» እኛ ሂና የሴት ጉዳይ ስለሆነ ዱቄቱን አይተን አናውቅም ነበር። እፎይ ብለን ልንስቅ ስንል ፊታቸው ተቀየረ።

«ምን ያስቃችኋል? የገዛችሁት ሂና ነው፤ ልትገዙ የሄዳችሁት ግን ሐሺሽ። ሙከራም ያስቀጣል። እኔ ብስቅ ዳኛው አይስቅም። ቀለሙ እስኪለቅ በየቀኑ ግቢውን ትጠርጋላችሁ። የጠየቃችሁ ሰው ሁሉ እውነቱን ይነገረዋል። አንድ ውሸት ብሰማ አልፈርምም።»

እቤት ስገባ እናቴ እጄን አይታ፣ «ሳልሰማ አገባህ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ለአባቴ እውነቱን ተናገርኩ። አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ቱታውን ከሳጥኑ አወጡ፣ አዩት፣ አጥፈው መለሱት። ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

በአመድ ብንፈትግ፣ በላምባ ብናሽ፣ ወይ ፍንክች! ሦስት ሳምንት ሙሉ መጥረጊያ ይዘን፣ የመጋላ ሴቶች «ሙሽሮቹ መጡ!» እያሉ እልል ሲሉብን ከረምን። በመጨረሻ ሃምሳ አለቃ መዳፌን ገልብጠው አዩና ፈረሙ። አባቴም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ቱታውን ለብሼ መጀመሪያ የሄድኩት አዴ ፋጡማ ዘንድ ነው። «አዴ፣ ለምን የለም ብለው አልመለሱንም?» አልኳቸው።

ሚዛናቸውን አስቀመጡ። «አምና የእህቴ ልጅ ልክ እንደናንተ መጥቶ ጠየቀኝ። የለም ብዬ አባረርኩት። ሌላ ቦታ ሄዶ አገኘ። አሁን ሐረር እስር ቤት ነው። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ የለም አልልም።»

ስጨርስ የሜሮን ታናሽ ወንድም፣ አስራ ስድስት የሞላው፣ ስልኩን ትቶ አፍጥጦ ያየኛል። «አባባ፣ ሴትዮዋ ባይኖሩስ ኖሮ?» አለኝ።

ሃምሳ አለቃ በፈረሟት በዚያች ወረቀት ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ጠገንኩ፣ ቤት ሠራሁ፣ የዚህን ልጅ እናት አሳደግኩ። አዴ ፋጡማ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ውለታቸውን ግን አንድም ቀን በቅጡ አላመሰገንኩም።

ሳህን የያዘችውን ልጅ ጠራኋት። መዳፌን ዘረጋሁላት።

«ቀቢኝ» አልኳት። «ሎሚውን ግን አብዢው።»