የማራኪ በላተኞች

የኔነሽ በታናሽ እህቷ በማራኪ ትቀና ነበር፤ ምን ይደበቃል? ስትቀና ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይደለም፣ እርር ድብን እስክትል ነው። ሁለቱም ኮልፌ 18 ማዞሪያ ጎን ለጎን ልብስ ይሰፋሉ። ደንበኛ ግን የኔነሽን "እንደምን አደርሽ" ብሎ ያልፍና ማራኪ ጋ ይቀመጣል። ባል ቢሉ የማራኪው ደግ፣ ልጅ ቢሉ የማራኪዋ ፅዮን ሐኪም ልትሆን አንድ ዓመት የቀራት! "ለእሷ ሲሆን የእግዜር እጅ አያጥርም" ትላለች የኔነሽ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

ባለፈው ፋሲካ ማራኪ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ፣ የኔነሽ "አንገትሽ ሲያምር!" ብላ ዓይኗን ተከለችባት። "ከዓይን ያውጣሽ" ማለቱን ግን ሆን ብላ ዋጠችው።

ወር ሳይሞላ በማራኪ አንገት ላይ እብጠት ወጣ። ከሳች፤ ማታ ማታ ላብ ያጠምቃት ጀመር። ካንሰር ይሆናል ተብሎ ተፈራ። የኔነሽ እህል አልወርድ አላት፤ ያን ቃል ለምን እንደዋጠችው እሷ ታውቃለች።

ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በደረሰ ቀን፣ እህትማማቾቹ ዘነበወርቅ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ሄዱ። እዚያው የምትለማመደው ፅዮን ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

"እማዬ፣ በላተኞች ተገኝተዋል፤ እብጠቱን ሞልተውታል።"

የኔነሽ ደረቷን እየደቃች፣ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የበላኋት! ይሄ ዓይኔ ይፍሰስ!" ብላ ኮሪደሩን በጩኸት አናወጠችው።

"ኧረ አክስቴ!" አለች ፅዮን ደንግጣ። "ማክሮፋጅ የሚባሉትን ሕዋሳት እኮ ነው የምለው! የሰውነታችን ዘበኞች ናቸው። ጀርም ሲያገኙ ይውጣሉ፤ የካንሰር ሕዋስም ይበላሉ፣ ካንሰሩ አታሎ ወደ ራሱ ካልወሰዳቸው። የእማዬ ግን ካንሰር አይደለም፣ የእጢ ቲቢ ነው። ጀርሙን ውጠው መግደል ቢያቅታቸው ተሰባስበው ከበቡት። ስድስት ወር ኪኒን ከወሰደች ትድናለች።"

"ተመስገን!" አለች የኔነሽ ከልቧ። ወዲያው ግን ያ የለመደባት ቅናት ብቅ አለ፤ በሽታዋ እንኳን የሚድን! በራሷ አፈረች። ቀና ስትል ማራኪ ትክ ብላ እያየቻት ነው።

"ኪኒኑን ስትውጥ በየቀኑ ቆሞ የሚያያት ሰው ያስፈልጋል" አለች ፅዮን። "ለአባዬ ልንገረው?"

"አባትሽ ይረሳል" አለች ማራኪ። "እትዬ ትየኝ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ አታውቅም።"